ነጭ የደም ሴሎችና የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም

የሰው ልጅ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ በዓይን ከማይታዩ እጅግ በርካታ ተሕዋስያን ጋር አብሮ ይኖራል። በሚተነፍሰው አየር፣ በሚጠጣው ውኃ፣ በሚመገበው ምግብና በሚነካው ዕቃ አማካይነት ባክቴሪያዎች፣ ቫይረሶች፣ ፈንገሶችና ጥገኛ ተውሳኮች ወደ ሰውነቱ ለመግባት ዕድል ያገኛሉ። ይህም ሆኖ ብዙው ሰው አብዛኛውን ዕድሜውን በጤና ያሳልፋል። ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት መካከል በደም፣ በመቅኔ፣ በጣፊያ፣ በሊምፍ እጢዎችና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ተሰራጭተው ያለማቋረጥ የሚሠሩት ነጭ የደም ሴሎች ይገኙበታል።

ስለ በሽታ የመከላከል አቅም ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ «ከፍ አለ» ወይም «ወረደ» ስለሚባል፣ አቅሙ በአንድ መለኪያ የሚሰፈር አንድ ነገር ተደርጎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ የመከላከል አቅም የተለያየ የሥራ ድርሻ ያላቸው ሴሎች ተቀናጅተው የሚሠሩበት፣ ካጋጠመው በሽታ የሚማርና የተማረውንም ለዓመታት የሚያስታውስ ሥርዓት ነው። ክትባት ውጤታማ የሚሆነው በዚሁ የመማርና የማስታወስ ችሎታ ነው። እንደ ኩፍኝና ኤች አይ ቪ ያሉ በሽታዎች አደገኛ የሚሆኑትም ይህንኑ ችሎታ ስለሚያጠፉ ነው። በመሆኑም የነጭ የደም ሴሎችን አሠራር መረዳት ራስንና ቤተሰብን ከበሽታ ለመጠበቅ የሚወሰዱ እርምጃዎችን ምክንያት ለመገንዘብ ይረዳል።

ነጭ የደም ሴሎች ምንነትና መገኛ

ደም በዋናነት ፕላዝማ ከሚባለው ፈሳሽ፣ ኦክስጅን ከሚያጓጉዙት ቀይ የደም ሴሎች፣ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሌትሌቶችና ከነጭ የደም ሴሎች የተዋቀረ ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም፣ ማለትም ከአንዲት ጠብታ እጅግ ባነሰ መጠን ውስጥ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን የሚደርሱ ቀይ የደም ሴሎች ይገኛሉ። በዚሁ መጠን ውስጥ የሚገኙት ነጭ የደም ሴሎች ግን በአዋቂ ሰው ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ4,000 እስከ 11,000 ብቻ ናቸው። ቁጥራቸው አነስተኛ መስሎ የሚታየው በደም ውስጥ የሚቆጠሩት በጉዞ ላይ ያሉት ብቻ በመሆናቸው ነው። ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያከናውኑት ከደም ሥር ወጥተው በቆዳ፣ በሳንባ፣ በአንጀት፣ በጣፊያና በሊምፍ እጢዎች ውስጥ ነው።

ነጭ የደም ሴሎች የሚመነጩት እንደ ቀይ የደም ሴሎች ሁሉ ከአጥንት መቅኔ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በቁጥር ብዙውን ድርሻ የሚይዙት ኒውትሮፊሎች ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ፣ ጤናማ መቅኔ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ኒውትሮፊሎችን ያመርታል። በሌላ በኩል አንዳንድ ሊምፎሳይቶች ለበርካታ ዓመታት በሕይወት ይቆያሉ። ይህ የዕድሜ ልዩነት ከሥራቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ አንደኛው ወገን ፈጥኖ ደርሶ የሚዋጋ ሲሆን፣ ሌላው ግን የበሽታውን መልክ አጥንቶ የሚያስታውስ ነው።

ፈጥነው የሚደርሱ ተከላካዮች

ነጭ የደም ሴሎች ተሕዋስያንን እንደሚውጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስረዳው በዛሬዋ ዩክሬን የተወለደው ሳይንቲስት ኢልያ ሜችኒኮቭ ነው። ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያን አገር በሜሲና ከተማ በባሕር ኮከብ እጭ ላይ ትንሽ እሾህ ወግቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ በሰው ደም ውስጥ የሚገኙት ነጭ ሴሎችም ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሰውነትን ይከላከላሉ የሚል ማብራሪያ አቀረበ። ለዚህ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1908 ከጀርመናዊው ሐኪም ከፓውል ኧርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

እሾህ እግር ውስጥ ሲገባ ወይም ቢላ ጣትን ሲቆርጥ የሚከሰተውም ይኸው ነው። በቁስሉ አካባቢ የሚገኙ ማክሮፋጅ የሚባሉ ትላልቅ ነጭ ሴሎች የገባውን ባክቴሪያ መዋጥ ይጀምራሉ፤ በተጨማሪም ኬሚካላዊ መልእክት ያስተላልፋሉ። በመልእክቱ ምክንያት በአካባቢው የሚገኙ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ስፍራው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ኒውትሮፊሎች ከደም ሥር ወጥተው ይደርሳሉ። ባክቴሪያዎቹን እየዋጡ ከገደሉ በኋላ ራሳቸውም ይሞታሉ። በቁስል ላይ የሚታየው መግል በአብዛኛው የእነዚህ የሞቱ ኒውትሮፊሎች፣ የተገደሉ ባክቴሪያዎችና የተጎዱ የሰውነት ሴሎች ክምችት ነው።

ትኩሳትም የዚህ የመከላከል ሥራ አካል ነው። ነጭ የደም ሴሎች የሚለቋቸው ኬሚካሎች ወደ አንጎል ሲደርሱ የሰውነት ሙቀት ከፍ እንዲል ያደርጋሉ። ይህም የአንዳንድ ተሕዋስያንን መራባት ያዳክማል፣ የተከላካይ ሴሎችንም ሥራ ያግዛል። ሆኖም ትኩሳት የመከላከል ሥራ መጀመሩን እንጂ መጠናቀቁን አያሳይም። በተለይ ወባ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ትኩሳት የተሰማው ሰው፣ ይልቁንም ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይኖርበታል።

ከፈጣን ተከላካዮቹ መካከል ልዩ ተልእኮ ያላቸውም አሉ። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ሴሎች ሊዋጡ የማይችሉ ትላልቅ ጥገኛ ትሎችን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። በመሆኑም እንደ ወስፋት፣ መንጠቆ ትልና ቢልሃርዚያ ባሉ ተውሳኮች በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ የኢዮሲኖፊሎች ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል። ባሶፊሎች በቁጥር እጅግ አነስተኛ ሲሆኑ፣ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በመልቀቅ በአለርጂና በእብጠት ሂደት ውስጥ ይሳተፋሉ። ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች የሚባሉት ደግሞ በቫይረስ የተያዙ ወይም ወደ ካንሰርነት የተለወጡ የሰውነት ሴሎችን እየለዩ ያጠፋሉ።

የሚማሩና የሚያስታውሱ ሴሎች

ፈጣኖቹ ተከላካዮች ለማንኛውም ወራሪ ተመሳሳይ ምላሽ ይሰጣሉ። ሊምፎሳይቶች ግን ከዚህ ይለያሉ። እያንዳንዱ ሊምፎሳይት፣ አንድ ቁልፍ አንድን በር ብቻ እንደሚከፍት ሁሉ፣ አንድን የተወሰነ መልክ ብቻ ለይቶ እንዲያውቅ ሆኖ የተሠራ ነው። በሰውነት ውስጥ የተለያየ መልክ የሚለዩ እጅግ ብዙ ሊምፎሳይቶች ስላሉ፣ ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ተሕዋስ ቢመጣ እንኳ እርሱን የሚያውቁ ጥቂት ሴሎች አይጠፉም።

ሊምፎሳይቶች በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። ቢ ሴሎች የሚባሉት በመቅኔ ውስጥ የሚበስሉ ሲሆን፣ አንቲቦዲ የተሰኘውን ፕሮቲን ያመርታሉ። አንቲቦዲ በተሕዋሱ ላይ እየተጣበቀ ወደ ሰውነት ሴሎች እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ ለማክሮፋጆችም በቀላሉ እንዲዋጥ ምልክት ይሆናል። ቲ ሴሎች ደግሞ ከመቅኔ ወጥተው ከደረት አጥንት ጀርባ በሚገኘው ታይመስ በተባለ እጢ ውስጥ ይበስላሉ። በዚያም የራስን ሰውነት የሚያጠቁት በአብዛኛው ተለይተው እንዲወገዱ ይደረጋል። ከቲ ሴሎች መካከል ሲዲ ኤይት የሚባሉት በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን ይገድላሉ፤ ሲዲ ፎር የሚባሉት ደግሞ ለቢ ሴሎች፣ ለሲዲ ኤይት ሴሎችና ለማክሮፋጆች ትእዛዝና ድጋፍ እየሰጡ ሥራውን ያቀናጃሉ።

ሊምፎሳይቶች ከተሕዋሱ ጋር የሚተዋወቁባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች የሊምፍ እጢዎች ናቸው። ከቁስሉ ወይም ከጉሮሮው ተሕዋሱን ይዘው የሚመጡ ነጭ ሴሎች በእጢው ውስጥ ለሊምፎሳይቶች ያሳዩታል። ተሕዋሱን የሚያውቀው ሊምፎሳይት በተገኘ ጊዜ በፍጥነት ይራባል፤ እጢውም ያብጣል። እግሩ የቆሰለ ሰው በብሽሽቱ ላይ፣ ጉሮሮው የታመመ ሰው ደግሞ በአንገቱ ላይ ንፍፊት የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በቂ አንቲቦዲ ለማምረት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሰው በብርቱ የሚታመመው፣ አንዳንዴም ሕይወቱን የሚያጣው፣ በዚህ የመዘግየት ጊዜ ውስጥ ነው። ከበሽታው ካገገመ በኋላ ግን ከተራቡት ሴሎች የተወሰኑት አስታዋሽ ሴሎች ሆነው ይቀራሉ። ያው ተሕዋስ ተመልሶ ቢመጣ ምላሹ በጥቂት ቀናት ውስጥና በበለጠ ኃይል ስለሚሰጥ፣ ሰውየው ጨርሶ ላይታመም ይችላል። ኩፍኝ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ የማይያዘው ስለዚህ ነው።

ክትባት ለነጭ የደም ሴሎች የሚሰጥ ትምህርት

በሽታን በመታመም መማር የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ክትባት የተገኘው ያለዚህ ዋጋ ትምህርቱን ለመስጠት ነው። ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ አስቀድሞ በኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል በተወሰደ ፈሳሽ ጤነኛውን ሰው የመክተብ ልማድ እንደነበረ በአገሪቱ የተዘዋወሩ ተጓዦች ጽፈዋል። ልማዱ በሽታውን የሚያውቅ መከላከያ ቢሰጥም፣ የሚሰጠው ራሱ ፈንጣጣው በመሆኑ ሰውን ለሞት የሚያበቃበትና ወረርሽኝ የሚያስነሣበት ጊዜ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ለዚህ አደጋ መፍትሔ አገኘ። ከላሞች በሚተላለፍ፣ ከፈንጣጣ ጋር በሚቀራረብ ነገር ግን ቀላል በሆነ በሽታ መከተብ ከፈንጣጣ እንደሚጠብቅ አሳየ። ነጭ የደም ሴሎች ቀላሉን በሽታ አይተው ከባዱን ማወቅ ችለዋልና።

በዚሁ መንገድ የተጀመረው የክትባት ሥራ ፈንጣጣን ከምድረ ገጽ አጥፍቷል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በበሽታው የተያዘው የመጨረሻ ሰው በቀጣዩ ዓመት በሶማሊያ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980 በሽታው መጥፋቱን አወጀ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራሟን ጀመረች።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ክትባት ለምን ተደጋግሞ እንደሚሰጥ ነው። ምክንያቱ የትውስታው ጥንካሬ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሊምፎሳይቶቹን ከተሕዋሱ ጋር ያስተዋውቃል፤ ቀጣዮቹ ዙሮች አስታዋሽ ሴሎቹን ያበዛሉ፣ አንቲቦዲውንም ያጠነክራሉ። ስለዚህ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡ ክትባቶችን መጀመር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማጠናቀቅ ያስፈልጋል። የኩፍኝ ክትባትም በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው አንቲቦዲ በ9 ወር ዕድሜው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋና የክትባቱን ሥራ ሊቀንሰው ስለሚችል፣ በዚህ ዕድሜ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዙር ብቻውን ከ100 ሕፃናት 85 ለሚሆኑት ያህል ብቻ ዋስትና ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር ከእነዚህ ውጪ የቀሩትን ለመድረስ የተዘጋጀ ነው።

ኩፍኝ የሰውነትን ትውስታ ያጠፋል

ኩፍኝን በልጅነት የማይቀርና የሚያልፍ በሽታ አድርጎ የማየት ልማድ በብዙ ቦታ ይገኛል። ይሁን እንጂ የኩፍኝ ቫይረስ ከሌሎች የሚለይበት አንድ ከባድ ጉዳት አለው። ቫይረሱ ከሚያጠቃቸው ሴሎች መካከል አስታዋሽ ሊምፎሳይቶች ዋነኞቹ ናቸው። ሕፃኑ ከኩፍኝ ቢድንም እንኳ ቀደም ሲል ስለ ሌሎች በሽታዎች የተማረውን በከፊል ይረሳል።

ይህ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት አሳይቷል። በኔዘርላንድስ የኩፍኝ ክትባት ያልወሰዱ 77 ሕፃናት ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ ተመርምሮ፣ በሌሎች ተሕዋስያን ላይ ከነበሯቸው የአንቲቦዲ ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነው ጠፍቶ ተገኝቷል። በመሆኑም ከኩፍኝ የዳነ ሕፃን ከዚያ በኋላ ባሉት ወራትና ዓመታት ለሳንባ ምች፣ ለተቅማጥና ለሌሎች በሽታዎች ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። ክትባቱ ግን በሰውነት ትውስታ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም። የኩፍኝ ክትባት ከአንድ በሽታ ብቻ ሳይሆን ከኩፍኝ በኋላ ከሚመጡት በሽታዎች ጭምር ይጠብቃል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ነጭ የደም ሴሎችን መኖሪያ የሚያደርጉ በሽታዎች

አንዳንድ ተሕዋስያን ከነጭ የደም ሴሎች ከመሸሽ ይልቅ በውስጣቸው መኖርን መርጠዋል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በማክሮፋጅ ከተዋጠ በኋላ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የመከላከል ሥርዓቱ ባክቴሪያውን የያዙትን ሴሎች በሌሎች ሴሎች ከብቦ እንደ እስር ቤት ያጥርባቸዋል። ስለዚህ ባክቴሪያው ወደ ሰውነታቸው ከገባ ሰዎች መካከል በዕድሜ ዘመናቸው በበሽታው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። አጥሩ ሲዳከም ግን፣ ማለትም በኤች አይ ቪ፣ በምግብ እጥረት ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት የመከላከል አቅም ሲጎዳ፣ ባክቴሪያው ተነሥቶ በሽታ ያስከትላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ካላዛር ሌላው ምሳሌ ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ በተለይ በሁመራና በመተማ ቆላማ አካባቢዎች የሚታወቅ ሲሆን፣ ለእርሻ ሥራ ወደ ስፍራው የሚሄዱ ወቅታዊ ሠራተኞችን ያጠቃል። ተውሳኩ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ በሚገኙ ማክሮፋጆች ውስጥ ይራባል። ጣፊያ ያብጣል፤ መቅኔም ስለሚጎዳ የነጭ የደም ሴሎች፣ የቀይ የደም ሴሎችና የፕሌትሌቶች ቁጥር ይቀንሳል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የሆድ እብጠት የታየበትና በእነዚህ አካባቢዎች የቆየ ሰው ሕክምና ሳያገኝ ከቀረ በሽታው ለሞት ያበቃዋል።

ኤች አይ ቪ ደግሞ የሚያጠቃው ሥራውን የሚያቀናጁትን ሲዲ ፎር ሴሎች ነው። አዛዥ የሌለው ሠራዊት ቁጥሩ ቢበዛም እንደማይረባ ሁሉ፣ ሲዲ ፎር ሴሎች ሲያልቁ ሌሎቹ ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን በወጉ ማከናወን ይሳናቸዋል። የሲዲ ፎር ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ200 በታች ሲወርድ፣ ጤነኛ ሰውነት በቀላሉ የሚቋቋማቸው ተሕዋስያን ለሕይወት አስጊ ይሆናሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የቫይረሱን መራባት ስለሚገታ መቅኔና ታይመስ የጠፉትን ሴሎች ቀስ በቀስ እንዲተኩ ጊዜ ይሰጣል። ሕክምናው ቀደም ብሎ ከተጀመረና ሳይቋረጥ ከተወሰደ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰውም ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ እየተሰጠ ይገኛል።

መከላከያው በራስ ሰውነት ላይ ሲነሣ

የመከላከል አቅም ሲበረታ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች ጉዳት ለማያስከትል ነገር፣ ለምሳሌ ለአበባ ብናኝ፣ ለአቧራ ወይም ለአንዳንድ ምግቦች፣ ከልክ ያለፈ ምላሽ ሲሰጡ አለርጂና አስም ይከሰታሉ። የራስን ሰውነት እንደ ባዕድ ሲቆጥሩ ደግሞ የከፋ ሕመም ይመጣል። በልጅነት የሚጀምረው ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ቲ ሴሎች ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች በማጥፋታቸው የሚመጣ ነው።

በኢትዮጵያ ለብዙ ሕፃናትና ወጣቶች የልብ ሕመም ምክንያት የሆነው የሩማቲክ የልብ በሽታም በዚህ መልክ ይጀምራል። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም ሲያመጣ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ አንቲቦዲና ቲ ሴሎችን ያዘጋጃል። የባክቴሪያው ክፍሎች ከልብ ክፍሎች ጋር ስለሚመሳሰሉ ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ ይኸው መከላከያ ተሳስቶ የልብ በሮችን ያቆስላል። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ የጉሮሮ ሕመም በጤና ተቋም ታይቶ አስፈላጊ ሲሆን በፔኒሲሊን ቢታከም ይህን ጉዳት መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ልብንም አይጠብቅም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

የደም ምርመራ ውጤትን መረዳት

በጤና ተቋማት የሚደረገው የደም ሴሎች ቆጠራ ነጭ የደም ሴሎችን በብዛትና በዓይነት ይለያል። የኒውትሮፊሎች መብዛት አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያ ኢንፌክሽንን፣ የሊምፎሳይቶች መብዛት የቫይረስ ሕመምን፣ የኢዮሲኖፊሎች መብዛት የጥገኛ ትሎችን ወይም የአለርጂን መኖር ሊጠቁም ይችላል። እጅግ የበዛ ወይም ያልበሰሉ ሴሎች የታዩበት ውጤት ደግሞ ለደም ካንሰር ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ያደርጋል። ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን በሽታን አይናገርም፤ ከሕመሙ ምልክትና ከሐኪሙ ምርመራ ጋር መታየት አለበት።

ኢትዮጵያውያን ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይም አለ። በአፍሪካ፣ በየመንና በአንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች ዘንድ ዳፊ ከተባለው የደም ዓይነት ጋር በተያያዘ የዘር ውርስ ምክንያት የኒውትሮፊሎች ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ብሎ የሚገኝባቸው ብዙ ጤናማ ሰዎች አሉ። በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አሳይተዋል። በኢትዮጵያ በተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ የጤናማ አዋቂዎች የሲዲ ፎር ቁጥር በአማካይ ከአውሮፓውያን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በዘር ውርስ ምክንያት የሚመጣው የኒውትሮፊሎች ማነስ ሰውን ለኢንፌክሽን ይበልጥ አያጋልጥም። መለኪያው በአውሮፓውያን ደም ላይ ተመሥርቶ ሲዘጋጅ ግን ጤነኛው ሰው እንደ ሕመምተኛ ሊቆጠርና አላስፈላጊ ምርመራ ሊታዘዝለት፣ አንዳንዴም የሚያስፈልገው መድኃኒት ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር የሚታከም ሰው የቀድሞ የምርመራ ውጤቶቹን ይዞ ለሐኪሙ ማሳየቱ ይጠቅመዋል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ በዚያው መጠን መቆየቱ የተፈጥሮ መሆኑን ለመለየት ያግዛል።

በአንጻሩ የካንሰር መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ሰው የኒውትሮፊሎቹ ቁጥር በድንገት ሊያሽቆለቁል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም እንኳ፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ድንገተኛ ሁኔታ ነው።

የመከላከል አቅምን ለመጠበቅ የሚያስፈልጉ እርምጃዎች

ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን በሚገባ እንዲያከናውኑ ሦስት ነገሮች ያስፈልጓቸዋል፤ እነርሱም ለመመረት የሚበቃ ምግብ፣ በሽታን ለማወቅ የሚያስችል ትምህርትና በወቅቱ የሚደርስ የሕክምና ድጋፍ ናቸው። ከዚህ አንጻር የሚከተሉት እርምጃዎች ይመከራሉ።

እናቶች በወሊድ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ማጥባት መጀመርና እንገሩን ለሕፃኑ መስጠት ይኖርባቸዋል። እንገር በአንቲቦዲና በነጭ የደም ሴሎች የበለጸገ በመሆኑ፣ የራሱ መከላከያ ገና ላልጠነከረ ሕፃን የእናቱን ልምድ ያወርሰዋል። እንገርን አልቦ መድፋት ሕፃኑን ይህን ስጦታ ያሳጣዋል። እስከ 6 ወር ድረስም ከጡት ወተት በቀር ሌላ ነገር አለመስጠት ይመከራል።

ወላጆች የልጆቻቸውን ክትባት በተቀመጠለት ጊዜ ማስጀመርና ማጠናቀቅ፣ የክትባት ካርዱንም መጠበቅ ይገባቸዋል። ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ትምህርቱ የዘገየበት እንጂ ዕድሉ ያለቀበት ባለመሆኑ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል።

ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ካሮትና ፍራፍሬን ጨምሮ የተመጣጠነ ምግብ መመገብ ለሴሎቹ መመረት የሚያስፈልጉትን ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ኤ እና ዚንክ ያስገኛል። በቂ እንቅልፍ ማግኘት፣ ከትምባሆ መራቅና እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብም የመከላከል ሥርዓቱን ሸክም ያቀላሉ። የመከላከል አቅምን በአጭር ጊዜ ያሳድጋሉ ተብለው የሚሸጡ ልዩ ልዩ ነገሮች ግን የክትባትንና የሕክምናን ቦታ ሊተኩ አይችሉም።

ጉንፋንን የሚያመጡት ቫይረሶች በመሆናቸው አንቲባዮቲክ አይፈውሳቸውም፤ የሚያጠፏቸው ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መውሰድ ወይም የታዘዘውን ማቋረጥ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች እንዲስፋፉ ስለሚያደርግ፣ ሰውነት በእርግጥ እገዛ በሚፈልግበት ቀን መድኃኒቱ የማይሠራ ይሆናል።

በመጨረሻም ያልታወቀ ምክንያት ያለው የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የማይጠፋ ንፍፊት፣ ወይም ተደጋግሞ የሚመጣ ኢንፌክሽን የታየበት ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይኖርበታል። ነጭ የደም ሴሎችን የሚያዳክሙ በሽታዎች አብዛኛዎቹ ቀደም ብለው ከታወቁ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው።